አነስተኛ ዋጋ ያለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ለትምህርት ቤት ይገዛ ወይስ አይገዛ?

በየዓመቱ ግንቦት ተገባዶ ሰኔ ሲጀምር በብዙ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፣ ሥራ ላይ ሳይውል የቀረው ገንዘብ ተመላሽ ከመሆኑ በፊት ምን ይገዛበት የሚል ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት መልሱ ወንበርና ጠረጴዛ ወይም የማባዣ ወረቀትና ቀለም ነበር። ከጊዜ ወዲህ ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ኮምፒውተር ሆኗል። ኮምፒውተር ይገዛ ከተባለም ገንዘቡ ውስን፣ ፈላጊው ብዙ በመሆኑ፣ የኮሚቴው ዐይን የሚያርፈው «ዴስክቶፕ» ከሚባሉት የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች መካከል ዋጋው ከሁሉ ዝቅ ባለው ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለ ውሳኔ ፊታቸው ለሚቀርብ መምህራን፣ ርእሰ መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ሊያመዛዝኗቸው የሚገቡ ነጥቦችን ማቅረብ ነው። የጽሑፉ አቅራቢ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ እንጂ የኮምፒውተር መሐንዲስ አይደለም። ይሁንና በግዥ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ጊዜ በተሳሳተ ውሳኔ ላይ ስለ ፈረመ፣ ስሕተቱ ያስተማረውን ለሥራ ባልደረቦቹ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶታል።

ኮምፒውተሩ ምን ሊሠራ ነው?

ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ኮምፒውተሩ በማን እጅ፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ፣ ምን ሊሠራበት እንደ ታሰበ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሚፈለግባቸው ሥራዎች በአንድ ስም ቢጠሩም ጠባያቸው እጅግ የተለያየ ነው። ፈተና ለመጻፍ፣ ሮስተር ለማዘጋጀትና ደብዳቤ ለማውጣት ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ማሽኖች ከአንድ ጥሩ ማተሚያ ጋር ይበቃሉ። ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት የተግባር ልምምድ ከሆነ ግን ስልሳ ተማሪ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እጁን በኪቦርድ ላይ ያሳርፋል የሚለው ስሌት ይመጣል። ለዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ከታሰበም ማሽኑ ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ ሊያነብበው የሚችለው ይዘት በውስጡ መኖሩ ከማሽኑ ፍጥነት ይበልጣል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ላይ አንድ ሌላ ጉዳይ ተጨምሯል። በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር፣ የኮምፒውተር ልምምድ ከአንድ የትምህርት ዓይነት ወሰን አልፎ የሁሉም ትምህርት ጉዳይ ሆነ። ፊዚክሱን አጥንቶ የመጣ ተማሪ ማውዝ እንዴት እንደሚያዝ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንዴት እንደሚታለፍ ባለማወቁ ደቂቃዎችን ቢያጠፋ፣ ውጤቱ የፊዚክስ ዕውቀቱን አይለካም። ስለዚህ «ኮምፒውተር ቅንጦት ነው» የሚለው ክርክር ዛሬ ብዙ አያራምድም። ጥያቄው የትኛው፣ ስንትና በምን ሁኔታ ወደሚለው ተሸጋግሯል።

መሣሪያ መግባቱ ብቻውን ትምህርትን እንደማያሻሽል አገራችን በራሷ ልምድ አይታዋለች። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውን፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የምንለውን የሳተላይት ትምህርት በክፍል ውስጥ ቆሞ የተከታተለ መምህር ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ መብራት ከሄደ ትምህርቱ አይጠብቅም፣ ፍጥነቱም ለኋለኛው ወንበር ተማሪ አይመለስም ነበር። ከውጭ አገር ደግሞ የፔሩ ምሳሌ ይጠቀሳል። ፔሩ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮግራም አማካይነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አነስተኛ ላፕቶፖችን ለተማሪዎቿ ገዝታ ነበር። በኢንተር አሜሪካን የልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት፣ ማሽኖቹ በተማሪዎቹ የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ላይ ያመጡት ለውጥ እንዳልታየ አመልክቷል። በእርግጥ በአንዳንድ የአጠቃላይ አስተሳሰብ መለኪያዎች ላይ በጎ ምልክት ታይቷል። ነገር ግን መምህሩ በማሽኑ ምን እንደሚያስተምርበት አስቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ የማሽኑ ቁጥር ብቻውን ከሒሳቡ ውጤት እንደማይደርስ ግልጽ ነው።

በአንድ ኮሌጅ የታየው

ከዓመታት በፊት ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ውስጥ 24 የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች እንዲገዙ ተወስኖ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ነበር። ጊዜው ሰኔ ስለ ነበረ ቸኩለናል። የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ከሁለት ዓመት በፊት ከተዘጋጀ ሌላ ሰነድ እንዳለ ተገለበጠ፤ «ኮር አይ 3፣ 4 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ» ይል ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፤ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ፤ ዕቃው ሰኔ 27 ቀን ገብቶ በሞዴል 19 ገቢ ተደረገ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ሣጥኖቹ አዲስ፣ ስክሪኖቹም የሚያብረቀርቁ ነበሩና።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር 24ቱም በአንድ ጊዜ ሲበሩ የክፍሉ ብሬከር ወደቀ። ሁሉም የተሰኩት በሁለት ሶኬት ላይ በተቀጣጠሉ ዲቫይደሮች ነበር። መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር ታየ። አንድ ማሽን ተነሥቶ ለሥራ ዝግጁ እስኪሆን ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ፣ የመጻፊያው ፕሮግራም እስኪከፈት ተጨማሪ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስድ ነበር። አንድ ቀን ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ከአርባው ደቂቃ ተማሪ ለማስቀመጥና ስም ለመጥራት አምስት፣ ማሽኖቹን ለማስነሣት ሰባት፣ ለመዝጋት ሦስት ሄደና ሃያ አምስት ቀረ። በአንድ ማሽን ሦስት ተማሪ ስለሚቀመጥ ለአንዱ የሚደርሰው ስምንት ደቂቃ ያህል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ማለቂያ ሰባቱ ቆመዋል። አራቱ ሃርድ ዲስካቸው ተበላሽቶ ነበር፤ ሁለቱ የኀይል ማከፋፈያቸው (ፓወር ሰፕላያቸው) ተቃጥሎ ነበር፤ አንዱ ደግሞ ለሌሎቹ መለዋወጫ ሲባል ተፈታትቶ አልቆ ነበር። መጠገኛ የሚሆን በጀት አልተያዘም፤ ንብረት ክፍሉም «የተበላሸ» ብሎ ከመመዝገብ በቀር ሥልጣን አልነበረውም። በሦስተኛው ዓመት ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ይውል ጀመር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው አስተሳሰቤን የለወጠው። አዲስ የተቀጠረ አንድ ወጣት የቴክኒክ ረዳት ከቀሩት ማሽኖች ዘጠኙን ወስዶ፣ ሃርድ ዲስካቸውን በኤስኤስዲ ተክቶ፣ ለእያንዳንዳቸው 4 ጂቢ ራም ጨመረላቸው። ወጪው ለአንድ ማሽን ሲታሰብ ከአዲስ ኮምፒውተር ዋጋ ጥቂቱ ብቻ ነበር። እነዚያው ዘገምተኛ ማሽኖች ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መነሣት ጀመሩ። ዘጠኝ ማሽን ከ24ቱ የተሻለ አገልግሎት ሲሰጥ አየሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የማሽኖቹ ርካሽነት አልነበረም፤ ርካሽነቱ የተገኘው ከማይገባው ቦታ ተቀንሶ ስለ ነበረ ነው።

ከሣጥኑ ውስጥ ያለው

ለኮሚቴ አባል ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይበቃዋል፤ ፕሮሰሰር፣ ራምና ማከማቻ ዲስክ። ራም እንደ መምህሩ ጠረጴዛ ነው፤ ሰፊ ከሆነ ብዙ መጻሕፍት ተዘርግተውበት በአንድ ጊዜ ይሠራል። ዲስኩ እንደ ቁም ሣጥኑ ነው፤ ብዙ ይይዛል፣ ነገር ግን የተፈለገውን እስኪያወጣ ጊዜ ይወስዳል። ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን በውስጡ ስላለው መረጃ ለማግኘት ክንዱ ወዲያና ወዲህ መመላለስ አለበት። መብራት በድንገት ሲቋረጥም ሆነ ማሽኑ ሲናጥ የሚጎዳው ይህ ክፍል ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። በዚህ ምክንያት ከሁሉ አስቀድሞ ሊቀነስ የማይገባው ኤስኤስዲው ነው፤ 256 ጂቢ ለአንድ የትምህርት ቤት ማሽን በቂ ሲሆን፣ «500 ጂቢ» የሚለው ትልቅ ቁጥር ሃርድ ዲስክን የሚያመለክት ከሆነ ሊያታልለን አይገባም። ራሙ 8 ጂቢ ቢሆን ይመረጣል፤ 4 ጂቢ ዛሬ ጠባብ ጠረጴዛ ነው።

ፕሮሰሰርን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በስሙ ነው። «አይ 5 ነው» ሲባል ከአይ 3 የሚበልጥ ይመስለናል። ከስሙ ይልቅ ትውልዱ ይበልጣል። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ባለ አራት አኀዝ ከሆነ የመጀመሪያው አኀዝ፣ ባለ አምስት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኀዞች ትውልዱን ያመለክታሉ። «አይ 5-3470» የሦስተኛው ትውልድ ነው፤ «አይ 3-8100» የስምንተኛው ነው፤ «አይ 5-10400» ደግሞ የአሥረኛው። ከነዚህም አይ 3-8100 የሚባለው ከአይ 5-3470 በሥራ ይበልጣል።

ይህ ቁጥር ዛሬ ሌላ ትርጉምም አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም፤ «ቲፒኤም 2.0» የተባለ የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። ስለሆነም በአይ 5-7500 እና በአይ 5-8500 መካከል ያለው ልዩነት በእጅ ሥራ ጊዜ እምብዛም ባይታይም፣ አንዱ አዲሱን ዊንዶውስ በደንቡ የሚቀበል፣ ሌላው የማይቀበል ነው። ነጋዴው አሮጌውን ማሽን በዘዴ ዊንዶውስ 11 ጭኖበት ሊያሳየን ይችላል፤ መነሣቱ አይቀርም፣ ወደፊት የሚወጡ ማሻሻያዎችን እንደሚያገኝ ግን ዋስትና የለውም።

በአነስተኛ ገንዘብ ከሚገኙት መካከል ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። አንደኛው አዲስ ሆኖ ደካማ የሆነው ነው። በነዚህ ውስጥ እንደ ሴሌሮን ኤን 4020 ያሉ ሁለት ኮር ብቻ ያላቸው ፕሮሰሰሮች ይገኛሉ፤ አዲስ መሆናቸው ብቻ ነው የሚያስመሰግናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኤን 100 የተባለው ግን አራት ኮር ያለውና ኤሌክትሪክ እጅግ የሚቆጥብ በመሆኑ ለጽሑፍ ሥራና ለንባብ ይበቃል። ሁለተኛው ምርጫ ገበያው «ዩዝድ» የሚለው ነው። በሌላ አገር መሥሪያ ቤቶች ውስጥ አገልግለው የተተኩ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ፕሮዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር ያሉ ማሽኖች ናቸው። ለቢሮ ተብለው የተሠሩ በመሆናቸው አካላቸው ጠንካራ፣ ክዳናቸው በቀላሉ የሚከፈት፣ መለዋወጫቸውም በብዛት የሚገኝ ነው። በኔ አስተያየት ስምንተኛ ትውልድ፣ 8 ጂቢ ራምና ኤስኤስዲ ያለው እንዲህ ያለ ያገለገለ ማሽን፣ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገኝ ደካማ አዲስ ማሽን ይመረጣል። የመንግሥት ግዥ አዲስ ዕቃ ብቻ እንዲሆን በሚጠየቅበት ቦታ ግን ይህ ምርጫ አይኖርም፤ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት መዋጮ ወይም ለስጦታ የሚውል ምክር ይሆናል።

ያገለገለ ማሽን ሲገዛ እያንዳንዱን አብርቶ ማየት ግድ ነው። «ናሙናውን አይተናል» ማለት አይበቃም፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥሩ ሆነው የቀሩት ሌላ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራና ምን ያህል ጤንነት እንደ ቀረው ያሳያል። ዓመት 8,760 ሰዓት መሆኑን አስታውሶ ቁጥሩን መገመት ይቻላል። ሁሉም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች በፍላሽ ይሞከሩ፤ ማሽኑ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ይሥራ፤ የማራገቢያው ድምፅ ይደመጥ።

እግረ መንገዴን አንድ ትንሽ ነገር ልጥቀስ። በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠች «ሲአር 2032» የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች። እርሷ ስትደክም ማሽኑ መብራት ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ከብዙ ዓመታት በፊት ወደ ነበረ ቀን ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ድረ ገጾች አልከፈት ይላሉ፤ ሲነሣም ቁልፍ ተጫኑ እያለ ይጠይቃል። «ቫይረስ ገባበት» ተብለው ወደ መጋዘን የተላኩ ሁለት ማሽኖች ችግራቸው ይህች ባትሪ ብቻ ሆና ማግኘቴን አልረሳውም።

የመብራት ጉዳይ

በአገራችን ሁኔታ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ትልቁ ጉድለት የራሱ ባትሪ የሌለው መሆኑ ነው። ላፕቶፕ መብራት ሲቋረጥ ሥራውን ይቀጥላል። ከዚህ ሌላ ግን ላፕቶፕ ቶሎ ይሰረቃል፤ ኪቦርዱ ወይም ስክሪኑ ሲሰበር ጥገናው ውድ ነው፤ ባትሪውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል። የጠረጴዛው ኮምፒውተር ኪቦርድ ቢበላሽ ኪቦርድ ብቻ ይገዛለታል። ለብዙ ተማሪ እጅ የሚቀርብ መሣሪያ በክፍል በክፍል የሚጠገን ቢሆን ይመረጣል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ መብራት በሳምንት ውስጥ ከግማሽ በላይ በማይገኝበት ወረዳ ይህ መከራከሪያ አይሠራም፤ እዚያ ጥቂት ላፕቶፖች ከብዙ ዴስክቶፖች ይሻላሉ።

ስሌቱን በቁጥር እንየው። አንድ መደበኛ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 100 ዋት ይወስዳል ብንል፣ ሃያው 2,000 ዋት ይሆናሉ። በ220 ቮልት ይህ 9 አምፔር ያህል ነው። በቀን አራት ሰዓት ቢሠሩ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ኤን 100 ያለባቸው ትናንሽ ማሽኖች ከነሞኒተራቸው እያንዳንዳቸው 35 ዋት ቢወስዱ ግን ሃያው 700 ዋት፣ ማለትም 3 አምፔር ከጥቂት፣ በቀንም 2.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ኀይል ለሚጠቀም ትምህርት ቤት ይህ ልዩነት የሚቻለውንና የማይቻለውን ይለያል።

ዩፒኤስ የሚገዛው መብራት ጠፍቶም ለመሥራት አይደለም። ለጥቂት ደቂቃዎች አቆይቶ ሥራ እንዲቀመጥና ማሽኑ በሥርዓት እንዲዘጋ ነው። ባትሪው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ የሚተካ መሆኑም በዕቅድ ሊያዝ ይገባል። ለሁሉም ማሽን ዩፒኤስ ማሟላት ካልተቻለ፣ ለመምህሩ ማሽንና መረጃ ለሚቀመጥበት ይሰጥና ሌሎቹ ቢያንስ በስታቢላይዘር ይጠበቁ።

የዋጋውን ነገር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ማለፉ ይታወሳል። ኮምፒውተር ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ በጥር በተጻፈ ዕቅድ ላይ የሰፈረው ዋጋ ሰኔ ላይ ላይገኝ ይችላል። ዕቅድ አውጪዎች የገንዘቡን መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ዋጋው ቢጨምር ከቁጥሩ ይቀነስ ወይስ ከጥራቱ የሚለውን አስቀድመው ቢወስኑ ይበጃል። ይህ ካልተወሰነ ሁልጊዜ የሚቀነሰው ጥራቱ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ በደብዳቤ ተጠይቋል።

በፕሮፎርማ ላይ የሚታየው ዋጋ የማሽኑ ዋጋ ብቻ ነው፤ የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተት አለመካተቱ ይጣራ። በዚያ ላይ የሶኬትና የገመድ ዝርጋታ፣ ስታቢላይዘር፣ ጠረጴዛ፣ የመስኮትና የበር ብረት፣ ለመጠገኛ የሚቀመጥ ገንዘብ አለ። እኔ ዛሬ ከጠቅላላው ገንዘብ ከሩብ ያላነሰው ለነዚህ እንዲያዝ አሳስባለሁ። ሃያ ማሽን የሚገዛ ገንዘብ ከሆነ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ይገዛበት ማለት ነው። በዝርዝር መግለጫው ላይም ትውልዱ፣ ኤስኤስዲው፣ ራሙና የአንድ ዓመት ዋስትናው በግልጽ ከተጻፉ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ቢያሸንፍም ጉዳት የለውም። የኛ ስሕተት ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጣችን አልነበረም፤ ምን እንደምንፈልግ ሳንጽፍ መምረጣችን ነበር።

ስለ ፕሮግራሞች በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበሉ ማሽኖች ሁሉ ይጣሉ ማለት አይደለም። እንደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያሉ ነፃ ሥርዓቶች በስድስተኛና በሰባተኛ ትውልድ ማሽን ላይ በደንብ ይሠራሉ፤ ሊብሬ ኦፊስም ለፈተና ጽሑፍና ለሮስተር ይበቃል። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ኮሊብሪ የተባለው የትምህርት ማከማቻና ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስ በአንድ ማሽን ላይ ተጭነው በክፍሉ መረብ ለሌሎቹ ሊዳረሱ ይችላሉ። እርግጥ በአማርኛ የሚገኘው ይዘት ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህንን ክፍተት መሙላት የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች ድርሻ መሆኑን እቀበላለሁ። የፊደላችን ጉዳይ እንደ ቀድሞው አሳሳቢ አይደለም፤ ግእዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ የትኛውም አዲስ ሥርዓት አማርኛ ያነብባል። ችግር ያለባቸው ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ የማስተማሪያ ጽሑፎቻችን ናቸው፤ በአዲስ ማሽን ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ስለሚሆኑ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ከመወገዱ በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው።

የማይገዛበት ጊዜ

ገንዘቡ በእጅ እያለ «አይገዛ» ማለት የሚገባባቸው ሁኔታዎች አሉ። በክፍሉ አስተማማኝ የኤሌክትሪክ መስመር ከሌለ፣ ክፍሉን ከፍቶ የሚያሠራ መምህር ወይም ረዳት ካልተመደበ፣ ወይም በትምህርት መርሐ ግብሩ ላይ ለልምምድ የተመደበ ክፍለ ጊዜ ከሌለ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ለነዚህ ቢውል የተሻለ ነው። በመጋዘን ውስጥ ያሉት አሮጌ ማሽኖች ሳይመረመሩም አዲስ መግዛት አይገባም፤ ከነሱ ስንቱ በኤስኤስዲና በራም ብቻ እንደሚነሣ በአንድ ቀን ይታወቃል።

በዚህ ዓመትም በኮሌጃችን ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቧል። ሃሳቡ 26 አዳዲስ ኮምፒውተሮች ይገዙ የሚል ሲሆን፣ እኔ ያቀረብኩት ደግሞ 16 ይገዙ፣ በቀረው መስመሩ ይስተካከል፣ በመጋዘን ካሉትም የሚነሡት ይነሡ የሚል ነው። አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ አልተስማሙም። «በሪፖርቱ ላይ የሚጠየቀው የተማሪና የኮምፒውተር ጥምርታ ነው፤ አሥር ማሽን ቀነስን ብለን ብንጽፍ ማን ይረዳናል? ደግሞስ በሚመጣው ዓመት በጀቱ እንደሚፈቀድ ማን ያውቃል?» አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ቁጥር ለሚጠይቅ ሪፖርት ቁጥር የሚያቀርበውን ኀላፊ መውቀስ ያስቸግራል፤ ሪፖርቱ ማሽኖቹ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ቢጠይቅ ኖሮ የኔ ሃሳብ በቀላሉ በተደገፈ ነበር። ለጊዜው ሁለቱም ሃሳቦች በቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍረው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የክፍሉ መስመር ስንት አምፔር እንደሚሸከም መርምሮ በጽሑፍ እስኪያቀርብ ድረስ ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።